ቆዳ መስፋት መጀመር ለምትፈልጉ (እና ስለ አንድ የቦርሳ ማንገቻ)



ባለፈው ሳምንት የሠራሁትን ቦርሳ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። «ቲቸር፣ እኔም መሞከር እፈልጋለሁ። ምን ልግዛ? ከየት ልጀምር? ይሸጣል ወይ?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምጽፍ አንዴ እዚሁ ልመልስ ብዬ ነው። ረዘም ይላል። ያልታረመ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተከምሮ ነው የምጽፈው፣ ስለዚህ ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉ።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር። እኔ የቆዳ ባለሙያ አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ የሒሳብ መምህር ነኝ። የጀመርኩት ከስድስት ዓመት በፊት የተበጠሰ ቀበቶዬን ልጠግን ብዬ ነው። ደመወዝ ሊወጣ አሥር ቀን ይቀር ነበር፣ አዲስ መግዣ የለኝም። በእናቴ የስፌት ወስፌ በስቼ በናይለን ክር ሰፋሁት። አስቀያሚ ነበር፣ ግን ያዘ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

አክስቴ አንድ ቀን ድንገት ቤት መጥታ ቆዳ ይዤ ስታየኝ «ተምረህ ተምረህ መጨረሻህ ፋቂ?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን ቀልድ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ሰውን በእጅ ሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው፣ ስድቡ ግን እኛ ሳሎን ድረስ ገብቶ ተቀምጧል። እኔም አፍሬ ለሁለት ዓመት ያህል መጋረጃ ዘግቼ ነው የሠራሁት። ይህን የነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

1. መሣሪያ

ቪዲዮ ላይ የምታዩአቸው ሰዎች አርባ ዓይነት መሣሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ነው የሚሠሩት። አትደንግጡ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አሥር የኪስ ቦርሳዎች የሠራሁት በካተር፣ በብረት ማስመሪያ (የፕላስቲኩን ካተሩ ይበላዋል)፣ በወስፌ፣ በሁለት መርፌ፣ በመዶሻ፣ ከወጥ ቤት በወሰድኩት የፕላስቲክ መክተፊያ እና በአንድ ሹካ ነው።

ሹካው ቀዳዳው እኩል እንዲራራቅ ነው። ከቆዳው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብላችሁ በማስመሪያ መስመር አስምሩ። ሹካውን መስመሩ ላይ ጫን ስታደርጉት አራት ነጥብ ይተዋል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ጥርስ የመጨረሻው ነጥብ ላይ አድርጋችሁ ደግማችሁ ትጫናላችሁ። ከዚያ በወስፌ መብሳት ነው። ሰው «በምን መሣሪያ ነው እንዲህ እኩል ያረግከው?» ሲላችሁ ዝም በሉ።

የካተር ምላጭ ላይ አትሰስቱ። እኔ ምላጭ ለመቆጠብ ብዬ ያበላሸሁት ቆዳ የስንት ዓመት ምላጭ ይገዛ ነበር። የደነዘ ምላጭ ቆዳውን ይጎትተዋል። አጥብቃችሁ ስለምትጫኑት ደግሞ ያመለጠ ዕለት ጣት ላይ ነው የሚያርፈው።

ስፌቱን በሁለት መርፌ ልመዱ። አንድ ክር ነው፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ አለው። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ገብተው ይተላለፋሉ። የክሩ ርዝመት የስፌቱን አራት እጥፍ ይሁን። የመኪና ስፌት አንድ ቦታ ሲበጠስ ቀስ በቀስ ይተረተራል። የሁለት መርፌ ስፌት ግን አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል። ክሩን መጀመሪያ ሰም አስነኩት። ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ሰፈፍ አያጡም፣ ለምኑና በጣሳ አድርጋችሁ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ አቅልጡት፣ በጨርቅም አጥሉት። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፣ ይቀጣጠላል።

ማስቲሽ ስትጠቀሙ በሁለቱም ፊት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪተው ጠብቁ፣ ከዚያ ገጥማችሁ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ወፍራም መቀባት የበለጠ አያጣብቅም። መስኮት ክፈቱ። ከሕፃናትና ከእሳትም አርቁት። ይህን የምለው መጋረጃና መስኮት ዘግቼ ስሠራ ራሴን አዙሮኝ ስለሚያውቅ ነው።

2. ቆዳው

ገበያ ስትሄዱ በስኩዌር ፊት ነው የሚነገራችሁ። አንድ ስኩዌር ፊት 30 ሴንቲሜትር ተኩል በ30 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። በቀላሉ፣ አንድ ሙሉ ኤ4 ወረቀት እና ግማሽ ማለት ነው። የምትሠሩትን ነገር ቅርጽ በወረቀት ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ቆዳው ላይ ደርድሩት። ቆዳ እንደ ጨርቅ አራት ማዕዘን አይደለም፣ እግር አለው፣ አንገት አለው፣ ቢያንስ ሩቡ ለብክነት ይሄዳል ብላችሁ አስቡ። ለልምምድ ግን ሙሉ ቆዳ አትግዙ። ጫማ ከሚሠሩ ሰዎች ቁርጥራጭ ጠይቁ።

የበግ ሌጦ ለስላሳ ነው። የደጋ በጋችን ሌጦ በዓለም ለጓንት ከሚፈለጉት አንዱ ነው፣ በዚህ ኩሩ። ጓንት ግን ሸክም አይሸከምም። የበግ ሌጦ ለኪስ ቦርሳ፣ ለገበር፣ ለትንንሽ ነገር ይሁንላችሁ። የፍየሉ ጠንከር ይላል። ቀበቶና ማንገቻ የከብት ቆዳ ይፈልጋል። ለኪስ ቦርሳ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል፣ ለቀበቶ 3 እና ከዚያ በላይ። ማንገቻ ስትቆርጡ ከጀርባው፣ በአከርካሪው አቅጣጫ ይሁን። የሆዱ ቆዳ ይለጠጣል፣ ከወር በኋላ ቦርሳው ጉልበት ላይ ይደርሳል።

አንድ ነገር እንዳታለሉ። ቪዲዮ ላይ ጠርዙን በእንጨት እያሹ እንደ መስታወት ሲያበሩት የምታዩት በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ነው። እኛ ገበያ በብዛት የሚገኘው በክሮም የለፋ ነው። እሱን ቀኑን ሙሉ ብታሹት አያበራም። ጠርዙን ከውስጥ በቢላ አሳስታችሁ ማጠፍ ነው መፍትሔው።

እውነተኛ ቆዳ መሆኑን ለማወቅ ጀርባውን እዩ። ቃጫ ቃጫ ይላል። ሰው ሠራሹ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ጨርቅ አለው። ከተጠራጠራችሁ ጫፉን ትንሽ ቆርጣችሁ ለኩሱት። ቆዳ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ጀርባውን የምታዩበት ሌላም ምክንያት አለ። በዓል ላይ እያንዳንዱ ቤት ያርዳል፣ ሁሉም ግን መግፈፍ አይችልም። ቢላ ሸርተት ሲል ከውስጥ በኩል ቆዳውን ይነካዋል። ከፊት ምንም አይታይም። ከጀርባ ግን ቀጭን ጭረት ትመስላለች፣ እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ሳስቷል ማለት ነው። ከፊት ደግሞ እከክ የሚባለውን ጥቃቅን ነጠብጣብ ፈልጉ። ብርሃን ላይ አውጥታችሁ፣ ለጠጥ አድርጋችሁ፣ በጣታችሁ ዳብሳችሁ ነው መግዛት። ነጋዴው ቢቆጣም ይቆጣ።

አሁን የማያኮራኝን ታሪክ ልንገራችሁ።

3. ማንገቻው

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀብላ መጣች። እናቷ ጉልት ነው የምትሸጠው። «ቲቸር፣ ለእማዬ ጠንካራ ቦርሳ ይሥሩልኝ፣ ለፋሲካ ልሰጣት ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ። ገላውን ጨርሼ ማንገቻውን ስቆርጥ ጀርባው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የቢላ ጭረት አየሁ። ሌላ ቆዳ አልተረፈኝም። ለመግዛት መርካቶ መሄድ አለብኝ፣ ለበዓሉ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ማስቲሽ ሞላሁበት። ላዩ ላይ ገበር ለጠፍኩበት። ዙሪያውን ሰፋሁት። ያማረ ሆነ። በልቤ «ማን ያየዋል?» አልኩ። ሙሉ ዋጋውንም ተቀበልኩ።

ተማሪዬ ፎቶ ላከችልኝ፣ እናቷ ቦርሳውን ይዛ ስትስቅ። ከዚያ በኋላ ምንም አላለችኝም። ወደውታል ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

አምስት ወር ያህል ቆይቶ በጉልቱ በኩል ሳልፍ እናቷን አየኋት። ቦርሳው ትከሻዋ ላይ ነው። ማንገቻው በሰማያዊ ናይለን ክር፣ በሊስትሮ ስፌት ተጠግኗል። የተበጠሰበትን ቦታ ለማወቅ መጠጋት አላስፈለገኝም።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ውይ መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ! ከልክ በላይ ጭኜበት ነው። መንገድ ላይ ወርዶ ሳንቲሙ ተበተነ፣ ደግነቱ ሰው ለቀመልኝ። ልጄን ለአስተማሪሽ እንዳትነግሪ፣ ይከፋቸዋል ብያታለሁ።»

እዚያ ቆሜ ያለችኝን ሰማሁ። ጥፋቱን ራሷ ላይ አድርጋ፣ እኔ እንዳልከፋ ተጨንቃ። እውነቱን ለመናገር ድፍረት አላገኘሁም። «ላጠንክረው» ብዬ ቦርሳውን ወሰድኩ። በማግስቱ መርካቶ ሄጄ ቆዳ ገዛሁ፣ አዲስ ማንገቻ ሠራሁ። ለልጅቷ ግን ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጭረቱን አይቼ እንደነበር፣ ማስቲሽ እንደሞላሁበት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። «ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ ‹መልሱን አልፈልግም፣ አሠራሩን አሳዩኝ› ይሉን ነበር እኮ» አለችኝ።

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የተማርኩት ነገር የለም። የቆዳ ሥራ ላይ ገበሩ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ተደብቄ ስለምሠራ መደበቅ ቀሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጋረጃውን ከፈትኩት። ገበር ከመለጠፌ በፊት የእያንዳንዱን ሥራ ጀርባ ፎቶ አንስቼ ለደንበኛው በቴሌግራም እልካለሁ። ጠባሳ ካለ «እዚህ ጋ ጠባሳ አለ፣ ሸክም የሌለበት ቦታ ነው፣ ይሁን ወይስ ልቀይረው?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ይሁን ይላል። የቆዳው ዕድሜና ታሪክ ነው ብሎ የሚወደውም አለ። ያልተነገረው ነው የሚያስቀይመው።

4. ደንበኛ

መምህር ከሆናችሁ፣ ወይም ሰው የሚያከብራችሁ ከሆናችሁ፣ ይህን ልብ በሉ። የሚያከብራችሁ ደንበኛ አያማርርም። ዝምታውን ምስጋና አድርጋችሁ አትውሰዱት። እኔ አሁን ከሁለት ወር በኋላ ራሴ ደውዬ እጠይቃለሁ። «የቱ ጋ ላላ? የቱ ጋ ተፋቀ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። «ጥሩ ነው ወይ?» ካልኩ ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው» ነው የሚለኝ። የተፈታ ስፌት ካለ በነጻ እመልሳለሁ።

ዋጋን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ቀበቶዬን በ350 ብር ሸጥኩ። ቆዳው፣ ዘለበቱና ማስቲሹ 300 ወስደውብኛል፣ አራት ሰዓት ሠርቻለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ ስትሉ እንግዲህ ይህን አስቡ። ሰዓታችሁን መዝግቡ። ዕቃው፣ መጓጓዣው፣ የተበላሸው፣ ከዚያ ሰዓታችሁ። ዋጋውን ስትናገሩ ድምፃችሁን አትቀንሱ። ርካሽ ያደረጋችሁትን ሥራ ላይ ነው ጭረት ለመደበቅ የምትፈተኑት፣ ምክንያቱም ሌላ ቆዳ መግዣ አይተርፋችሁም።

ቀብድ ተቀበሉ፣ ቢያንስ የቆዳውን ዋጋ። የሥራ ባልደረባ ቢሆንም። ስታፍ ውስጥ «ደመወዝ ሲወጣ» የተባለ ስንት ቀበቶ ወገብ ላይ እየዞረ አለ (ራሳችሁን ታውቃላችሁ)።

ቀን ስትቀጥሩ የምታስቡት ላይ አንድ ሳምንት ጨምሩ። «ነገ ና» የሚባል የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ሁላችንንም አማሮናል። እኔም ያን ጭረት የሸፈንኩት ቀን ስላጠረኝ ነው።

የታወቀ የውጭ ብራንድ ስም አትምልኝ የሚላችሁ ይመጣል። እምቢ በሉ። የራሳችሁ ሥራ ላይ የሌላ ሰው ስም ምን ያደርጋል?

በመጨረሻም፣ ያ ቦርሳ አሁንም ጉልቱ ላይ አለ። ባለፈው ሳምንት ፎቶውን የለጠፍኩት አዲሱ ቦርሳ ደግሞ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የዚያችው ተማሪዬ ነው፣ ለራሷ። ቀብድ ስትሰጠኝ «የጀርባውን ፎቶ እንዳይረሱ» አለችኝ።

አክስቴም ባለፈው ወር የመጽሐፍ ቅዱሷን ሽፋን አሠርታኛለች። ዋጋ ግን አልከፈለችም።

መጀመር የምትፈልጉ ካተርና ሹካ ያዙ። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ፈተናውን አርሜ ስጨርስ እመልሳለሁ። የመጀመሪያ ሥራችሁንም ለጥፉልኝ፣ ከነጀርባው።

መልካም ሰንበት!