ሌላው ሲያርፍ የምትሠራ እናት

ሥራ የምንይዘው ለደመወዙ ብቻ ነው ወይስ ለሚሰጠን ደስታም ጭምር? በዚህ ጥያቄ ከራሴ ጋር ብዙ ጊዜ ተሟግቻለሁ። ይበልጥ እንዳስብበት ያደረገችኝ ግን ለአጭር የሥራ ጉብኝት ወደ ፈረንሳይ አገር፣ ብሪታኒ ወደ ተባለው የባሕር ዳርቻ ክፍለ ሀገር በሄድኩ ጊዜ ያነጋገርኳት የሁለት ልጆች እናት ናት። ሥራዋ የሸራ ጀልባ አነዳድ ማስተማር ነው።

ይህ ትምህርት በዚያ አገር ሥር የሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኤሌን ቪያኔና ባለቤትዋ ፊሊፕ ቪያኔ በግሌናን ደሴቶች ያቋቋሙት የሸራ ጀልባ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ዝነኛ ሲሆን፣ አስተማሪዎቹም በአብዛኛው ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ክላርክ ሚልስ የተባለ ጀልባ ሠሪ ኦፕቲሚስት የምትባለውን የልጆች ጀልባ ነደፈ። ርዝመትዋ 2 ሜትር ከ30 ያህል፣ ክብደትዋም 35 ኪሎ ግድም ናት። ዛሬ በብዙ አገሮች ልጆች የሚለማመዱት በእርስዋ ነው።

ነፋስ ከፊት ሲመጣ የሸራ ጀልባ ቀጥ ብሎ ሊሄድበት አይችልም። ከነፋሱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ብሎ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተመላለሰ ነው ወደፊት የሚገፋው። ጀማሪ አስቀድሞ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ የተገለበጠ ጀልባ ማቃናት ነው። ከጀልባይቱ ሥር በሚወጣው ሳንቃ ላይ ቆሞ በገዛ ክብደቱ ይመልሳታል። አስተማሪዋ በሞተር ጀልባ ቀረብ ብላ ትጠብቃለች እንጂ አታቃናለትም። «እጄን መሰብሰብ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ደስታዬም እዚያው ላይ ነው» አለችኝ። ሰኞ ውሃ ፈርቶ ያለቀሰ ልጅ ዓርብ ብቻውን ዞሮ ሲመለስ ስታይ ድካምዋን ትረሳለች። ልጅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃ ሲለኩስ ቆማ ያየች እናት ሁሉ ይህን ስሜት ታውቀዋለች።

ይሁን እንጂ ዋጋው ቀላል አይደለም። ሥራው የሚደራው በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። የሰው ልጆች ስታስተምር የራስዋ ልጆች ከአያታቸው ዘንድ ይውላሉ። ብርዱ ሲገባ ተማሪ ስለማይኖር ጀልባ እየጠገነች ኑሮዋን ትደጉማለች። ፀሐይና ጨው ፊትዋን አክስሎታል፤ ገመድ እጅዋን አሻክሮታል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ለራስዋ ደስታ ጀልባ ከነዳች ሁለት ዓመት ማለፉ ነው። የወደደችውን ሥራዋ ስላደረገች መዝናኛዋን አጣች።

እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። በበዓል ቀን ጎረቤት ቡና አፍልቶ ሲጫወት፣ እኔ ማስታወሻዬን ይዤ ስወጣ ልጄ «እማዬ፣ ዛሬም ሥራ?» ያለችኝ ጊዜ ጥቂት አይደለም። ነርሷም፣ የሆቴል ሠራተኛዋም፣ በአውቶቡስ ትኬት የምትቆርጠውም ይህን ያውቁታል።

ከዚያች እናት የወሰድኩት ትምህርት ዋጋውን ሳይሸሽጉ መቁጠር ነው። እርስዋና ባለቤትዋ የሥራው ወራት ከመጀመሩ በፊት ተቀምጠው ይመክራሉ። ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ ለብርዱ ወራት ስንት ገንዘብ እንደሚቀመጥ ይወስናሉ። በወርም አንድ እሑድ ለቤተሰብ ይመድባሉ፤ ያን ቀን ማንም ቢለምናት ለሥራ አትሰጠውም። እኔም ከተመለስኩ ወዲህ ይህንኑ በቤቴ ጀምሬአለሁ።

እኅቶቼ፣ የሚወዱትን ሥራ ማግኘት መታደል ነው። ነገር ግን ሥራውን ስለወደድነው ብቻ ድካማችን ከሒሳብ አይውጣ። ደመወዙን፣ ሰዓቱን፣ የልጆቻችንን መዋያ ከባለቤቶቻችን ጋር በግልጽ እንመካከርበት። ያን ጊዜ ደስታውም ሸክሙም የአንዲት እናት ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ይሆናል።