ምስጋና ያልደረሳቸው የኔታዎች

ሰኔ 30 በመጣ ቁጥር ያንገበግበኛል። የትምህርት ዘመኑ ተዘግቶ፣ ካርድ ታድሎ፣ ወላጆች ለልጆቻቸው መምህራን ስጦታ ይዘው ሲመጡ ማየት ደስ ያሰኛል፤ መምህርን ማመስገን ተገቢ ነውና። የሚያንገበግበኝ ከዚህ ሁሉ ምስጋና ቅንጣት እንኳ ሳይደርሳቸው ያለፉት የኔታዎች ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 በዳግማዊ ምኒልክ ስም ዘመናዊ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት፣ ይህች አገር ትምህርት ቤት አልባ አልነበረችም። በየደብሩ ዛፍ ጥላ ሥር ፊደል የሚያስቆጥር መምህር ነበር። ልጁ ከሀሁ ተነሥቶ፣ አቡጊዳውንና መልእክተ ዮሐንሱን አልፎ 150ውን መዝሙር ሲዘልቅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል፤ ወላጅም እንደ አቅሙ ደግሶ የኔታን ያመሰግናል። የበለጠ የፈለገ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ዋድላ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይወርዳል። መምህሩ ከተማሪው ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪውንም የሚያበላው የማያውቀው ገበሬ ነው።

እጃችን ላይ የነበረው ዕድል ይህ ነበር። ማንበብ የሚያስተምር ሰው በየአጥቢያው እያለ፣ ሒሳቡንና ሳይንሱን እዚያው አምጥቶ መጨመር ይቻል ነበር። እኛ ግን ሁለቱን እንደ ባላንጣ አየናቸው። አንዱ ሥልጣኔ፣ ሌላው ኋላ ቀርነት ተባለ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን የአድባራቱ መተዳደሪያም አብሮ ሄደ። ጭሰኛው መሬት ማግኘቱ ፍትሕ ነበር፤ ጉባኤ ቤቱ ከእንግዲህ በምን ይኖራል የሚለው ጥያቄ ግን ሰሚ አጣ።

አይቻልም ነበር እንዳንል ማስረጃው ከፊታችን ቆሟል። ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባታቸው በፊት በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ፣ ቅኔ የቀመሱ ሰው ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲወጣ፣ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚወለድ አገር ሁሉ አነበበ። አንብበን አደነቅን፤ አድንቀን መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ መለስነው። እሳቸውን ያወጣው መንገድ ለሌሎች እንዲሰፋ ግን አልደከምንም።

ከሁሉ የሚያቃጥለው የቅኔው ነው። ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል፤ የትናንቱ ለዛሬ አይደገምም። ባለ ሁለት ቤቷም ጉባኤ ቃና፣ ባለ ስምንት ቤቱም መወድስ በአንድ ማኅሌት ተሰምቶ፣ ጆሮው የያዘለት ሰው ካልጻፈው በዚያው ያልፋል። ቴፕ በየቤቱ በነበረበት ዘመን ያ ሁሉ ካሴት እያለን ስንቱን ሊቅ ሳንቀዳ አፈር አለበስነው! አሁን ደግሞ መቅረጫ በየኪሳችን አለ፤ ሽማግሌው መምህር ዛሬም ሳይቀረጹ ያመሻሉ። ዕድሉ አንዴ አይደለም ያመለጠን፤ በየዕለቱ እየለቀቅነው ነው።

ለሞተ ሰው ምስጋና አይደርሰውም። በሕይወት ላሉት ግን ይደርሳል፤ ጊዜውም አሁን ነው። እኛ ሰኔ 30ን ስናከብር የአብነት ተማሪው ወደ ክረምቱ ይገባል። ክረምት ከጎተራ እህል የሚጎድልበት፣ ገበሬው ለራሱም የሚቸገርበት፣ ተማሪው በዝናብ ደጅ ጠንቶ ባዶ አኮፋዳ ይዞ የሚመለስበት ወቅት ነው። ለልጃችን መምህር ስጦታ ስንገዛ የአንድ ጉባኤ ቤትን የክረምት ቀለብ አብረን እናስብ፤ በየአጥቢያችን ያሉትን የኔታ እየሄድን እንቅረጽ፣ እንጻፍ፣ ልጆቻችንንም እግራቸው ሥር እናስቀምጥ። ይህን ካላደረግን ቁጭቱን ለልጆቻችን እናወርሳቸዋለን፤ ያውም የሚያመሰግኑት የኔታ ሳይቀርላቸው።