ከእሳተ ገሞራ እስከ ብርሌ፦ አንድ ቀን በወንጪ

የቤተሰብ የእግር ጉዞ፣ የተራራ ማር እና ትዕግሥት የሚጠይቅ ጠጅ

በጣሊያን የኤትና ተራራ ወይም በግሪክ የሳንቶሪኒ ደሴት ጎብኚዎች ጠዋት በአስጎብኚ ተመርተው እሳተ ገሞራ ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያው የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ከበቀለ ወይን የተጠመቀውን ይቀምሳሉ። ለዚህ ዓይነቱ ቀን ግን ፓስፖርት ማውጣት አያስፈልግዎትም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አምቦንና ወሊሶን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ወንጪ አለልዎት። ልዩነቱ የእኛ ተራራ የሚሰጠው የወይን ሳይሆን የማር ጠጅ መሆኑ ነው።

የወንጪን ፎቶ ያላየ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ፎቶውን ብቻ ነው። መኪናው አፋፉ ላይ ይቆማል፣ ቤተሰቡ ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳ ይበላል፣ መኪናው ይዞራል። እንዲህ ያለው ጉብኝት ሐይቁን ከላይ ያሳያል እንጂ ተራራውን አያስተዋውቅም፤ በተራራው ላይ ለሚኖሩት ሰዎችም የሚተወው ነገር ጥቂት ነው። እዚህ የምናቀርብልዎ ሌላ ዓይነት ቀን ነው፤ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ወርደው፣ በጀልባ ተሻግረው፣ ወጥተው፣ ማሩንም ከምንጩ ገዝተው የሚመለሱበት።

በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት

ወደ ወንጪ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ ይገባል። ሌላው በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ ይደርሳል። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃሉ፤ ወንጪ ደግሞ በመካከላቸው ከፍ ብሎ ይገኛል። የሚመረጠው በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከተነሱ ጠዋቱ ሳይሞቅ መራመድ ይጀምራሉ።

በአምቦ በኩል ከሄዱ ለልጆችዎ ጥሩ የመግቢያ ትምህርት ያገኛሉ። ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው የአምቦ ውሃ ጋዙን የሚያገኘው ከመሬት በታች ነው። ልጅዎ «ውሃው ለምን ይፈላል?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ከፊታችሁ ባለው ተራራ ውስጥ ነው፤ አካባቢው ሁሉ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከአምቦ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ደግሞ ስሟን በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ የምናውቃት የጉደር ከተማ አለች። መጠጥና ተራራ በዚህ አካባቢ የተራራቁ ነገሮች አይደሉም።

ሐይቅ የሆነው የእሳት አፍ

ከአምቦ ወይም ከወሊሶ ሽቅብ ሲወጡ ብርዱ እየጨመረ ይሄዳል። የወንጪ ተራራ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ ስለሆነ ትንፋሽ ቢያጥርዎ አይደንግጡ፤ ቀስ ብለው ይራመዱ።

አፋፉ ላይ ሲቆሙ ከእግርዎ ሥር ትልቅ ጎድጓዳ ቦታ ይዘረጋል። ከሥሩ ሐይቅ፣ በሐይቁ ላይ ደሴት፣ በግድግዳዎቹ ላይ እርሻና ደን ይታያል። ይህ ጎድጓዳ ሰው የቆፈረው ወይም ወንዝ የቦረቦረው አይደለም። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት እሳተ ገሞራው ፈንድቶ በሆዱ የነበረውን ሲተፋ የተራራው አናት የሚደግፈው አጥቶ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። የቀረው ገበታ መሰል ስፍራ በዝናብና በምንጭ ውሃ ተሞላ። የቢሾፍቱን ሐይቆች ያየ ልጅ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ እነዚያም የተፈጠሩት በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው። ከወንጪ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ የስምንት ቁጥር ቅርጽ የያዘው የደንዲ ሐይቅ አለ፤ እሱም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ከአስጎብኚ ጋር መውረድ

የወንጪ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ጎብኚን ማስተናገድ ከጀመሩ ቆይተዋል። መንገድ የሚመራዎት፣ ፈረስ የሚያከራይዎትና ጀልባ የሚቀዝፍልዎት የዚያው ቀበሌ ሰው ነው። «መንገዱ ይታያል፣ አስጎብኚ ለምን?» ሊሉ ይችላሉ። መንገዱስ በእርግጥ ይታያል። የማይታየው ሌላው ነው፤ የትኛው ዛፍ ለንብ፣ የትኛው ለመድኃኒት፣ የትኛው ለቤት ማገር እንደሚሆን፣ የትኛው ምንጭ ለከብት የትኛው ለሕመምተኛ እንደሚሄድ። ለልጆች ደግሞ የቀኑ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ መጽሐፍ ሳይገልጥ ተራራውን የሚያነብ ሰው ማየት።

ቁልቁለቱ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በእንሰት ማሳዎች መካከል ያልፋሉ። እንሰቱን ከሙዝ ተክል ጋር የሚያምታታ የከተማ ልጅ ብዙ ነውና አስጎብኚው ቆጮ ከየትኛው የተክሉ ክፍል እንደሚገኝ ያስረዳልዎታል። ሰው ሲያገኙ «አካም» ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ ሲሰነባበቱ «ገለቶማ» ብለው ያመስግኑ። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ግን የሚያገኙት ፈገግታ የተለየ ይሆናል።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጀልባ ይጠብቅዎታል። ደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም ነው፤ ለመሳለም የሚሄዱ ከሆነ አለባበስዎን ቀድመው ያስቡበት። ከሐይቁ ማዶ ሸለቆው ውስጥ ፍል ውሃና የማዕድን ውሃ ምንጮች አሉ። ሰዎች ለጤና ሲሉ ከሩቅ ይመጡባቸዋል። የተራራው ሆድ ሙሉ በሙሉ እንዳልቀዘቀዘ የሚያሳየውም ይህ ሙቅ ውሃ ነው። በወንዝ ውሃ የሚሽከረከሩ የእህል ወፍጮዎችም እዚያው አሉ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ተሰልፎ መጠበቅን ለለመደ ሰው፣ ያለ ሞተር ድምፅ የሚፈጨውን ድንጋይ ቆሞ ማየት ያስደስታል።

መመለሻው ዳገት ነው። ትንንሽ ልጆችና ትልልቅ ሰዎች በፈረስ ይውጡ። ጠቅላላው ዙር ከነዕረፍቱ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል ብለው ያስቡ።

ንቡ የሚቀስመው ከየት ነው?

ከገደሉ ግድግዳ ላይ ከፍ ብለው የሚያዩዋቸው ዛፎች ተራ ዛፎች አይደሉም። አስታ አለ፤ ትንንሽ ነጫጭ አበባ የሚያፈራው። ኮሶ አለ፤ አያቶቻችን አበባውን ለኮሶ ትል መድኃኒት ይጠጡት የነበረው። ንቦቹ የሚቀስሙት ከእነዚህና ከሌሎች የደጋ አበቦች ነው። ስሎው ፉድ የተባለው መነሻው ጣሊያን የሆነ ዓለም አቀፍ ንቅናቄ በልዩ ሁኔታ ከሚደግፋቸው ባህላዊ ምግቦች መካከል ይህን ማር «የወንጪ እሳተ ገሞራ ማር» ብሎ አካትቶታል። እንግዲህ ኤትና ለወይኑ እንዳለው ሁሉ ወንጪም ለማሩ ስም አለው።

ነገሩ ከጣዕም ያለፈ ነው። ቁልቁለቱ እየታረሰ ሲሄድ ደኑ ይሸሻል፤ አፈሩም በዝናብ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ለአንድ ገበሬ ዛፍ ቆርጦ ገብስ መዝራት ወይም ለማገዶ መሸጥ የዛሬ ገቢ ነው። ዛፉ ቆሞ እንዲቆይ ከፈለግን ቆሞ ገንዘብ ማምጣት አለበት። አንድ የኮሶ ዛፍ ለንብ አበባ ሲሰጥና ለጎብኚ ጥላ ሲሆን ግን በየዓመቱ ይከፍላል። ስለዚህ ከገበሬው እጅ የሚገዙት ኪሎ ማርና ለአስጎብኚው የሚከፍሉት ገንዘብ ከምጽዋት የሚቆጠር አይደለም፤ ደኑ እንዲኖር የሚደረግ ክፍያ ነው።

ይህን ማሰብ ዛሬ የበለጠ ያስፈልጋል። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው 44 የዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኗል። ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋርም የ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ቦታ ሆኖ ለምቷል፤ ሎጅም ተሠርቶበታል። ምቾቱ ለቤተሰብ ጥሩ ነው። ግን ሎጁ ቡና ጠጥቶ የሚመለስ ጎብኚና ከመንደሩ ሰው ጋር አራት ሰዓት የሚራመድ ጎብኚ ለተራራው እኩል አይደሉም። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፤ ዋናው የእግር ጉዞው እንዳይቀር ነው።

ጠጁ የሚጠጣው የት ነው?

እውነቱን ለመናገር ጠጁን እዚያው ሳይሆን ቤትዎ መጠጣት ይሻላል። አንደኛ፣ መኪና የሚነዳ ሰው አንድ ብርሌም አይጠጣም። የጠጅ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ጣፋጭነቱ ያዘናጋል እንጂ አንዳንዱ ከወይን ጠጅ አያንስም። ሁለተኛ፣ በየጠጅ ቤቱ ስኳር የበዛበትና ቀለም የተጨመረበት ጠጅ አይጠፋም፤ ቢጫነት ብቻውን የማር ማረጋገጫ አይሆንም። በወሊሶ ወይም በአምቦ ጠጅ ቤት መቅመስ ከፈለጉ የማይነዳው ሰው ይቅመስ፤ ማሩ ከየት እንደመጣም ይጠይቅ። ጥሩ ጠጅ ጣይ በዚህ ጥያቄ ይደሰታል።

ለልጆች ብርዝ አለ። ማር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝ የጠጅ ታናሽ ወንድም ነው፤ ልጆችም ከዚያው ተራራ ድርሻቸውን ያገኛሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፤ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ቤት ሲገቡ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። አንድ እጅ ያልተጣራ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበጥብጡና በንጹሕ ዕቃ አድርገው በጨርቅ ይሸፍኑት። ከሦስት ቀን ያህል በኋላ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይግፈፉትና ታጥቦ የደረቀ እንጨት ገሾ ይጨምሩበት። ቅጠል ገሾው ለጠላ ነው፤ ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው። ክዳኑን ጥርቅም አድርገው አይዝጉት፤ ሲፈላ ጋዝ ስለሚወጣው ዕቃውን ሊያፈነዳ ይችላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲበስል በንጹሕ ጨርቅ ያጣሩት። በብርድ ወራት ከዚህም ሊዘገይ ይችላል።

በአንድ ቀን የተጀመረው ጉዞ የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። ብርሌው ሲቀዳ ልጆቹ አስታው የት እንደነበረ፣ ቀፎው በየትኛው ዛፍ ላይ እንደተሰቀለ ያስታውሱዎታል። ለእንግዳዎም «ጠጁ የወንጪ ነው» ሲሉ የሚተርኩት ነገር ይኖርዎታል።

ከመነሳትዎ በፊት

• ወቅት፦ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ክረምት ላይ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። በደጋው ማር በብዛት የሚቆረጠው አደይ አበባ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ከሄዱ አዲስ ማር የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው።

• መንገድ፦ በሁለቱም በኩል የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ከመነሳትዎ አንድ ቀን በፊት ከአካባቢው ሰው ወይም ከአስጎብኚ ድርጅት ይጠይቁ። ሳይመሽ ወደ ዋናው መንገድ ይውጡ።

• ልብስ፦ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያና የማያንሸራትት ጫማ። ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ይለበልባል።

• ገንዘብ፦ ዝርዝር የብር ኖት ይያዙ። የአስጎብኚ፣ የፈረስና የጀልባ ዋጋ ከመነሳትዎ በፊት አንድ በአንድ ይስማሙ፤ ሲመለሱ ክርክር አይኖርም።

• ንብ፦ ቀፎ አጠገብ ሽቶ ተቀብተው አይሂዱ፣ ልጆችም አይጩኹ፣ ድንጋይ አይወርውሩ። በንብ መነደፍ የሚያሳብጠው ሰው ካለ መድኃኒቱን ይያዙ።

• ዕድሜ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ለወጣት ልጅዎም ብርዙን ይዘዙ።

• ቆሻሻ፦ የያዙትን ፕላስቲክ ይዘው ይመለሱ። ባዶ የማር ማሰሮ ግን ይዘው ይሂዱ፤ ሞልቶ ይመለሳል።