«የታመመ ትጠይቃላችሁ?»

ባለፈው ሜይ የኮሌጃችንን የፋይ ቴታ ካፓ ቻፕተር ለተተኪዬ አስረከብኩ። ማስረከብ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የቢሮ ቁልፍ፣ የኢሜይል የይለፍ ቃል፣ በሁለት ካርቶን የታጨቁ ባለባትሪ ሻማዎችና አንድ የተጣጠፈ ባነር ነው። የመጽሔታችን አዘጋጆች «ዓመቱ እንዴት ነበር? ለአዲሶቹ ተማሪዎች የሚሆን ነገር ጻፊ» ሲሉኝ መጀመሪያ የሠራነውን ሁሉ መዘርዘር ጀመርኩ። ጨርሼ ሳነበው ለስኮላርሺፕ የምልከው ማመልከቻ መሰለኝና ተውኩት። እዚያ ዝርዝር ላይ ያልገባውን ብነግራችሁ ይሻላል።

ስሙን ሰምታችሁ ለማታውቁ፣ ፋይ ቴታ ካፓ እ.ኤ.አ. በ1918 ሚዙሪ ውስጥ የተመሠረተ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎች ኦነር ሶሳይቲ ነው። ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ክሬዲት መጨረስና 3.5 ጂፒኤ መያዝ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የሚከፈል መመዝገቢያም አለው። ብቁ ስትሆኑ ግብዣው በኢሜይል ይመጣል። እኔ የመጀመሪያውን ግብዣ ሳልከፍት አጠፋሁት። «ተመርጠሻል፣ ገንዘብ ክፈይ» የሚል ኢሜይል ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሁለተኛው ሲመጣ ለእንግሊዝኛ መምህሬ አሳየኋት። «ይሄ እውነተኛ ነው። ትራንስፈር ስታደርጊ ይጠቅምሻል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ለአባላቱ የተለየ የትራንስፈር ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።

በዓመቱ ፕሬዚዳንት ሆኜ ተመረጥኩ። እማዬ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ጠዋት ከሥራ ስትገባ ጠብቄ ነገርኳት። ኦነር ሶሳይቲ የሚለውን «የክብር ማኅበር» ብዬ ተረጎምኩላት። ማኅበር የሚለውን ስትሰማ ድካሟ ሁሉ ጠፋ።

«ታዲያ ዳኛዋ አንቺ ነሽ በይኛ!» አለችኝ። አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ የዕድሩ ሰብሳቢ ዳኛ ነው የሚባለው። ከዚያ ጥያቄውን አከታተለችው።

«ስንት ናችሁ?»

«መቶ ሃያ ገደማ።»

«በየስንት ጊዜው ትገናኛላችሁ?»

«በወር ሁለቴ። የሚመጣው ግን አሥር ሰው ቢሆን ነው።»

«የቀረ ይቀጣል?»

«ኧረ አይቀጣም።»

«የታመመ ትጠይቃላችሁ?»

ሳቅኩ። «እማ፣ ዕድር እኮ አይደለም። በውጤት ነው የሚገባው።»

«በውጤት ይግባ። ከገባ በኋላስ?» አለችና ጫማዋን አውልቃ ልትተኛ ገባች።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ጥሩ ሄደ፤ ቢያንስ ከውጭ ለሚያየው። ግብዣውን እንደኔ ሳይከፍቱ የሚያጠፉት ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ ካፊቴሪያው በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን «ይህ ኢሜይል ደርሶሃል? እውነተኛ ነው» እያልን ተማሪ ማስቆም ጀመርን። ኦክቶበር ላይ አዲስ አባላት ስንቀበል አዳራሹ ሞላ። አንዱ ልጅ ከሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሮጦ ደረሰ። ሁለት እናቶች የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው መጡ፤ አንደኛዋ ስማችን ሲጠራ እልል አለች፤ ፈረንጆቹ ምን እንደሆነ ባያውቁም አጨበጨቡ። ያን ዕለት ማታ ቤቴ የገባሁት በእግሬ ይሁን በክንፍ አላውቅም።

ከውስጥ ግን ሌላ ነበር። 15 ክሬዲት ይዣለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ቡና ቤት እሠራለሁ። ሌሎቹን የኮሚቴ አባላት ከማስቸገር ብዬ አጀንዳውንም፣ ፖስተሩንም፣ ደብዳቤውንም ራሴ እጽፋለሁ። እኔ ካልሠራሁት አይሠራም የሚል ነገር ያዘኝ። በራሴ የምጨክነውን ያህል በሌላው ላይም መጨከን መብቴ መሰለኝ።

ገንዘብ ያዣችን ወላጆቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሒሳብ ላይ ግን የሚያህለው አልነበረም። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ስብሰባ መቅረት አበዛ። በኮሌጃችን አሠራር ያለ ገንዘብ ያዥ ፊርማ ምንም ወጪ አይፈቀድም። ለተማሪዎች በነፃ ምግብ ለሚታደልበት ክፍል ልናደርገው ያሰብነው የእህል ማሰባሰብ ሥራ በአንድ ወረቀት ምክንያት ሁለት ሳምንት ዘገየ። በቴክስት ስጠይቀው «ይቅርታ፣ ዛሬ እጨርሰዋለሁ» ይላል፤ አይጨርሰውም።

ኖቬምበር ላይ ኢሜይል ጻፍኩለት። የመተዳደሪያ ደንባችንን አንቀጽ ጠቅሼ፣ ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረ የኮሚቴ አባል በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል አልኩት። ለአማካሪያችንና ለኮሚቴው በሙሉ ኮፒ አደረግኩ። እንግሊዝኛው እንከን አልነበረውም፤ ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። ከመላኬ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልኩለትም። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ገባኝ። ስለሁሉም አመሰግናለሁ።»

የመጨረሻው ፈተና ያለቀ ቀን ማታ ከእማዬ ጋር ሱፐርማርኬት ሄድን። ከምሽቱ አምስት ሰዓት አልፏል። የዱቄቱ መደርደሪያ ጋ ስንደርስ ካርቶን እየቀደደ ዕቃ የሚደረድረው ልጅ ቀና አለ። ገንዘብ ያዣችን ነበር። ሁለታችንም አፈርን። በኋላ ቀስ እያለ ነገረኝ። አባቱ ግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ከጣሪያ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። ሴፕቴምበር ላይ ነው። ከእሱ በታች ሁለት ልጆች አሉ። እሱ ሌሊት እዚህ ይሠራል፤ ሁለት ኮርስ አቋርጧል፤ ሦስተኛውን ወድቋል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ሁላችሁም ሥራ በዝቶባችኋል» አለኝ።

ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ። ኮሌጃችን ድንገተኛ ችግር ለደረሰበት ተማሪ የሚሰጥ የአስቸኳይ ጊዜ የገንዘብ ድጋፍ አለው። በቤተሰብ ችግር ምክንያት ኮርስ ዘግይቶ ለማቋረጥ፣ ወይም «ኢንኮምፕሊት» ተሰጥቶ በሚቀጥለው ሴሚስተር ለመጨረስ የሚቻልበት መንገድም አለ። ሁሉም የማመልከቻ ቀን አላቸው፤ ቀኑ ካለፈ አለፈ። ይህን እሱ አያውቅም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። ኦክቶበር ላይ የተማሪ መሪዎች ተሰብስበን ተነግሮናል፤ በራሪ ወረቀቱም ተሰጥቶናል። ያን ኢሜይል ስጽፍ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

መኪና ውስጥ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ይቆጣጠረኛል ብዬ የጠበቅኩት ቁጣ አልመጣም። ጥቂት ዝም ብላ «ቤታቸው የት ነው?» አለችኝ።

እሑድ ሄድን። የነቢያት ጾም ነበርና እሷ ሳትቀምሰው የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ይዛለች። አባቱ ባለአራት እግር ምርኩዛቸውን አጠገባቸው አድርገው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። እናቱ ስፓኒሽ እንጂ እንግሊዝኛ ብዙም አይችሉም፤ የእማዬም እንግሊዝኛ ከሥራ ቦታ አያልፍም። ግን እማዬ አልጠበቀችም። በአማርኛ «እግዜር ይማርዎት» ብላ ጎንበስ አለች። እሳቸውም በስፓኒሽ መለሱ። ያስተረጎመ አልነበረም፤ አላስፈለገምም። ዳቦው ተቆረሰ፣ ቡና መጣ። እኔና ልጁ ኩሽና ቆመን ይቅርታ ጠየቅኩት። ተቀበለኝ። ወደ ኮሚቴው እንዲመለስ ስለምነው ግን «አሁን አልችልም» አለ። የጠፋውን ሴሚስተርም ይቅርታዬ አልመለሰለትም። ይህን የምጽፈው ታሪኩ መጨረሻው አምሯል ለማለት አይደለም።

በሁለተኛው ሴሚስተር ሦስት ነገር ቀየርን። አንደኛ፣ የስብሰባው የመጀመሪያ አሥር ደቂቃ አጀንዳ የለውም፤ ዙሪያውን እየዞርን እያንዳንዱ እንዴት እንደሰነበተ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሥራ ለሁለት ሰው ይሰጣል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲያነሳው። ሦስተኛ፣ ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ስልክ ይደወልለታል። ኢሜይል አይደለም፣ ስልክ። «ለምን ቀረህ?» አንልም፤ «ምን ላግዝህ?» ነው የምንለው። የኮሌጁን የድጋፍ ዓይነቶችና የማመልከቻ ቀናቸውን በአንድ ገጽ አውጥተን ደዋዩ አጠገቡ እንዲይዘው አደረግን።

በዚህ መንገድ ሦስት ሰው በጊዜው ደረስንበት። አንዷ የኛው ልጅ ናት፤ ነርሲንግ ለመግባት የምትዘጋጅ፣ አክስቷ ጋ የምትኖር። የክፍያዋ ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የደወልንላት። ትምህርቷን ልታቋርጥ ወስና ለማንም አልተናገረችም ነበር። ማመልከቻውን አብረናት ቁጭ ብለን ሞላን፤ ድጋፉን አገኘች።

ዋጋ አላስከፈለንም አልልም። በየዓመቱ ቻፕተሮች ለሽልማት የሚወዳደሩበትን የፕሮጀክት ጽሑፍ በጊዜው ጨርሰን አላስገባንም። በክልሉ ስብሰባ ላይ የሌሎች ኮሌጆች ስም ሲጠራ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። አልዋሻችሁም፣ ከፍቶኝ ነበር። እስካሁንም ባገኘነው ኖሮ እላለሁ።

ዕድር ከኦነር ሶሳይቲ ይበልጣል እያልኩ አይደለም። የሰፈራችን ዕድር ጭቅጭቅ ነበረበት፣ ቅጣትም ነበረበት፤ ስለ ድንኳንና ወንበር የተጣሉ ሰዎች አውቃለሁ። ኦነር ሶሳይቲ ደግሞ እንደኔ ላለ ሰው በር ከፍቷል፤ የምገባበት ዩኒቨርሲቲ የሰጠኝ ስኮላርሺፕ በዚያ በኩል የመጣ ነው። ነገር ግን አንዱ ለመግባት ምን እንደሠራህ ይጠይቃል፤ ሌላው ከገባህ በኋላ ምን እንደደረሰብህ ይጠይቃል። ማኅበር ለመምራት ሁለተኛውን ጥያቄ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ እሱን በእንግሊዝኛ በተጻፉ የአመራር ሥልጠናዎች ስፈልግ እናቴ ሌሊት ሠርታ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነግራኝ ነበር።

ለአዲሶቹ ተማሪዎች፦ የኮሌጅ ኢሜይላችሁን ክፈቱ። የተጠራጠራችሁትን ለመምህር ወይም ለአማካሪ አሳዩ እንጂ ዝም ብላችሁ አታጥፉ። መመዝገቢያው ከከበዳችሁ ቻፕተሩን የሚረዳበት መንገድ እንዳለ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ችግር ሲገጥማችሁ ቀኑ ሳያልፍ ለአንድ ሰው ተናገሩ። ሰው ይጠይቀኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ መሪ ሆናችሁ ደግሞ ሰው ይነግረኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ገንዘብ ያዣችን አባቱ በምርኩዝ መራመድ ጀምረዋል። እሱ በዚህ ሴሚስተር በሁለት ኮርስ ተመልሷል። አልፎ አልፎ ቴክስት እንለዋወጣለን፤ ድሮ እንደነበረው ግን አይደለም።

ቁልፉን ያስረከብኩ ቀን ለተተኪዬ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ሰጥቻታለሁ። የባንኩን፣ የአዳራሹን፣ የሻማዎቹን ነገር ጽፌበታለሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ግን የእማዬ ጥያቄ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ ከነስልክ ቁጥሮቹ።