ከባሕር በታች የሚታረስ አገር

ከባሕር በታች የሚታረስ መሬት አለ ቢባል ማን ያምናል? ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ ቀና ሲል መርከብ ከራሱ በላይ ሲያልፍ ያያል ቢባልስ? እኛም ወሬውን ስንሰማ ተረት ነበር የሚመስለን። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር ግን ሄደን በዓይናችን አየን። አገሩ ሆላንድ ይባላል። ኔዘርላንድም ይሉታል። ዝቅተኛ አገር ማለት ነው።

የሄድነው ባልንጀራችንን ለመጠየቅ ነው። ባልንጀራችን የስማዳ ልጅ ነው። ዴልፍት በምትባል ከተማ ስለ ውሃ ይማር ነበር። እዚያ የውሃን ነገር ብቻ የሚያስተምር ትልቅ ተቋም አለ። ከተቋቋመ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ይማሩበታል። ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል።

አውሮፕላናችን አምስተርዳም ከተማ አጠገብ አረፈ። ባልንጀራችን አቅፎ ሳመንና፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ። አሁን የቆማችሁት ሐይቅ ውስጥ ነው» አለን። ሳቅን። እሱ ግን አልቀለደም። ቦታው ጥንት ሰፊ ሐይቅ ነበር። ማዕበሉ ዳርቻውን እየበላ ከተሞቹን አሰጋ። ሰዎቹ ዙሪያውን በአፈር ከተሩት። ከዚያ በእንፋሎት ኃይል በሚሠሩ መኪናዎች ውሃውን ከ3 ዓመት በላይ ቀዱት። በ1844 ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ። ዛሬ ይታረስበታል፤ ቤት ይሠራበታል፤ አውሮፕላንም ያርፍበታል።

እናቱ የላኩለትን በርበሬና ሽሮ ሰጠነው። መልእክታቸውንም አደረስን። «ልጄ ከውሃ በታች ነው የሚኖር አሉኝ። እንዴት አርጎ ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚወስደው?» ብለው ነበር። ባልንጀራችን ዝም አለ። ቆይቶ፣ «የእናቴን ጥያቄ መልስ ዞራችሁ እዩት» አለን።

የእኛ አገር ሰው ተራራ ያውቃል። የጉና ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በሆላንድ ምድር ከሁሉ የሚበልጠው ኮረብታ 322 ሜትር ብቻ ነው። ከአገሩ መሬት ሩብ ያህሉ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ነው። ባሕሩን የሚከለክለው በስተዳር ያለው የአሸዋ ክምርና ሰው የሠራው የአፈር ግድብ ነው።

ዴልፍት ጥንታዊ ከተማ ናት። በመንገዷ መካከል የውሃ ቦይ ይሄዳል። በቦዩ ላይ ትናንሽ ድልድዮች አሉ። ቤቶቹ ከሸክላ ጡብ የተሠሩ፣ ጠባብና ረጃጅም ናቸው። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ ሁሉ በብስክሌት ይሄዳል። በ1647 ዓ.ም. የባሩድ ማከማቻ ፈንድቶ የከተማዋ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነበር። እንደገና ሠሯት። ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር ቆመን ወደ ላይ አየን። ግንቡ 75 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ግን ዘሟል። መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ ክብደቱን አልቻለውም። ሆኖም ብዙ መቶ ዓመት እንደ ዘመመ ቆሟል።

በማግስቱ በባቡር ወደ ላይደን ሄድን። ላይደን ቅርብ ናት። ባልንጀራችን የከተማዋን ታሪክ ነገረን። የስፔን ንጉሥ ጦር ከተማዋን ከብቦ በሺህ የሚቆጠር ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ። ወገኖቻቸው ሊያድኗቸው ቢፈልጉም በየብስ ማለፊያ አጡ። ስለዚህ የገዛ ግድባቸውን ሰበሩት። ውሃው ሜዳውን አጥለቀለቀ። ጠላት ሸሸ። በውሃው ላይ ጀልባዎች ነጭ ዳቦና ዓሣ ጭነው ገቡ። ይህ የሆነው በ1567 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የከተማዋ ሰው በየዓመቱ ያንን ቀን ዳቦና ዓሣ በልቶ ያከብረዋል። በዚያው በ1567 ዓ.ም. በላይደን ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ።

ይህ ዩኒቨርሲቲ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ሆኖ እዚህ ተምሯል። ሰውየው ግዕዝና አማርኛ ለማወቅ ብዙ የጣረ ነበር። ኋላ ሮም ሄዶ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። አገራቸው ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ በዛሬው ወሎ ውስጥ ነው። የጋይንትና የስማዳ ጎረቤት ማለት ነው። ሉዶልፍ ከእሳቸው ተምሮ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ጻፈ፤ አሳተመም። ዛሬ እናንተ የምታነቧቸው ፊደሎች ከ300 ዓመት በፊት አውሮፓ ውስጥ ታትመው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኪንደርዳይክ ወደሚባል ስፍራ ሄድን። እዚያ 19 የነፋስ ወፍጮዎች በቦይ ዳር ቆመዋል። አብዛኞቹ ከተሠሩ 280 ዓመት ያህል ይሆናቸዋል። ወፍጮ ይባሉ እንጂ እህል አይፈጩም። ነፋስ ክንፋቸውን ሲያዞረው ውሃ ከዝቅተኛው ቦይ ወደ ከፍተኛው ቦይ ያወጣሉ። ከዚያ ውሃው ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ዛሬ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ናቸው። ወፍጮዎቹም ግን አልተጣሉም። ሰው ይኖርባቸዋል፤ ይጠግናቸዋል።

እኛም ጠየቅነው፤ «ይህን ሁሉ ያዘዘው ንጉሥ ነው?»

«አይደለም። ጎረቤታሞች ናቸው» አለን።

ከ700 ዓመት በፊት ጀምሮ በአንድ ሜዳ የሚኖሩ ገበሬዎች ማኅበር ያቋቁሙ ነበር። አለቃቸው እኛ ዘንድ የውሃ አባት እንደምንለው ያለ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚጠግነው የግድብ ድርሻ ነበረው። የውሃ አባቱ በየጊዜው ግድቡን እየዞረ ያያል። ድርሻውን ያልጠገነ ይቀጣል። መጠገን ጨርሶ ያቃተው ሰው አካፋውን ግድቡ ላይ ተክሎ፣ መሬቱን ትቶ ይሄዳል። አካፋውን የነቀለ ሰው መሬቱንም ግዴታውንም ይወስዳል። ሕጉ ጨካኝ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ግድብ በአንድ ሰው ድርሻ በኩል ከተሰበረ ውሃው የሁሉንም ቤት ይወስዳል። እነዚህ ማኅበሮች ዛሬም አሉ። ተጠቃልለው 21 ሆነዋል። ሕዝቡ ግብር ይከፍልላቸዋል፤ በየ4 ዓመቱም ተወካዮቹን ይመርጣል።

ባልንጀራችን፣ «ለእናቴ ይህን ንገሯት። እዚህ ሰው ተኝቶ የሚያድረው ውሃውን ነቅቶ የሚጠብቅ ስላለ ነው» አለን።

ሆኖም የዘነጉበትም ጊዜ ነበር። አንዳንዱ ግድብ ዝቅተኛና ደካማ መሆኑን ባለሙያዎች ያውቁ ነበር። ጥገናው ዘገየ። በ1945 ዓ.ም. ጥር 24 ለሊቱን ከባድ ማዕበል መጣና ግድቦቹን ሰበረ። በሆላንድ 1,836 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው በባሕሩ በር ላይ ታላላቅ መዝጊያዎችን የሠሩት። ከመዝጊያዎቹ አንዱን አየን። በ1989 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። እንደ በር የሚገጥሙ ሁለት ክንፎች አሉት። የአንዱ ርዝመት 210 ሜትር ነው። ከባድ ማዕበል ሲመጣ ይዘጋል።

ሥራቸው ማለቂያ የለውም። ብዙው መሬታቸው ረግረግ ነበር። ውሃውን ባንጠፈጠፉት ቁጥር አፈሩ እየተኮማተረ ወደ ታች ይወርዳል። መሬቱ በወረደ ቁጥር ግድቡን ከፍ ማድረግ፣ ውሃውንም አብዝቶ መቅዳት ግድ ይሆናል።

በመጨረሻው ቀን በወንዝ ዳር ስንሄድ ባልንጀራችን ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አፈር አነሣ። «ይህ አፈር የማን ይመስላችኋል?» አለን። መልሱን አላወቅነውም። ራይን የሚባለው ወንዝ ከስዊስ ተራሮች ተነሥቶ በጀርመን አድርጎ ሆላንድ ይደርሳል። በብዙ ሺህ ዓመታት የላይ አገሮችን አፈር እያጠበ እዚህ አምጥቶ ዘረገፈው። ከሆላንድ ለም መሬት ብዙው ይኸው ደለል ነው። አንዱ አገር የለቀቀው አፈር ለሌላው ማሳ ሆነ።

ከዚያ ስለ ቤቱ አጫወተን። «የአባቴ ማሳ እኩሌታው በቦረቦር ተበልቷል። ከላይ ያለው ጎረቤታችን እርከን ሠርቶ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ያለው አልሠራም። አባቴም ከታች ሆኖ ሠራ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ባልተሠራው ማሳ ላይ ጉልበት አገኘና የአባቴን እርከን ደርምሶት ወረደ። እኔ እዚህ የመጣሁት መሬታችንን ማን እንደ ወሰደው ላውቅ ነው። አሁን አወቅሁት። ጎርፉ ብቻውን አልወሰደውም። አለመስማማታችንም ወስዶታል» አለ።

እውነቱን ነው። ከጋይንትና ከስማዳ የሚወርደው ጎርፍ አፈራችንን ይዞ በሽሎ ይገባል። በሽሎም ዓባይ ይገባል። ከእስቴ የሚወርደውም መጨረሻው ዓባይ ነው። የሆላንድ ሰው የመጣበትን ውሃ ይከላከላል። እኛ ደግሞ የሚሄድብንን አፈር መያዝ አለብን። ሥራው ይለያይ እንጂ ሕጉ አንድ ነው። አንዱ ድርሻውን ከተወ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል።

እኛ ይህን ሕግ ከባሕር ማዶ መዋስ የለብንም። ደቦ አለን፤ ወንፈል አለን። ዕድርም አለን። ዕድርተኛ ለቀብር ሳይመጣ ከቀረ ይቀጣል። ለሞተ ሰው እንዲህ ከተባበርን፣ ለሚያበላን መሬት መተባበር ለምን ያቅተናል? እርከኑ ከኮረብታው ራስ ይጀመር። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በችካል ይለይ። አቅመ ደካማውና አሮጊቷ በደቦ ይታገዙ። ክረምት ሳይገባ አንድ የተመረጠ ሰው ዞሮ ይየው።

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ከእናንተ ማሳ በላይ የሚያርሰው ማነው? ከእናንተ በታችስ ማን አለ? የእናንተ ጎርፍ የማንን እርከን ያፈርሳል?