ልጅዎ «ሆዴን አሞኛል» ሲል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እየተባልን አድገናል። ከወገብ በታች ያለው ሕመም ግን ተረቱ የማይመለከተው ይመስለናል። ወንድ ልጅ እግሩን ወለም ቢለው ለቤቱ ሁሉ ይናገራል፤ የዘር ፍሬውን ካመመው ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ታናሽ ወንድሜን ብዙ አስከፍሎታል።

ወንድሜ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አንድ ማለዳ ሕመም ቀሰቀሰው። ለእናታችን «ሆዴን ቆረጠኝ» አላት፤ እሷም ጤና አዳም አጠጣችው። አባታችን ኮስታራ ስለነበሩ ለእሳቸው መናገር አፈረ። በሦስተኛው ቀን መራመድ ሲያቅተው እውነቱ ወጣ። ሆስፒታል ስንደርስ አንደኛው የዘር ፍሬ ደም አጥቶ ሞቶ ነበርና ወጣለት። በቀረው በአንዱ ሦስት ልጆች ወልዷል፤ ደስ ይበለው። ነገር ግን ሠርጉን ሁለት ጊዜ ያራዘመው ገንዘብ አጥሮት እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ።

ለዚህ ነው የልጅ ልጄ 13 ዓመት ሲሞላው ለብቻው አስቀምጬ የነገርኩት። «እዚያ ቦታ ድንገት ካመመህ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ክረምቱን የሚያሳልፈው እኛ ዘንድ ነው። ባለፈው ነሐሴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ። «አባባ፣ ያ ያልከኝ ነገር» ብቻ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ አስመልሶታል። አያቱ ሆዱን በቅባት ልታሽ ስትነሣ «ተዪው፣ ልብስ አልብሺው» አልኳትና ጎረቤታችንን በመኪናው አስነሣነው።

ተረኛዋ ሐኪም ገና ሲያዩት ገባቸው። የግራው ፍሬ ወደ ላይ ተሰቅሎ አግድም ተኝቷል። ሳይነጋ ቀዶ ሕክምና ገባ፤ ፍሬውም ተረፈ።

በኋላ ዶክተሯ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። የዘር ፍሬ የደም ሥሮቹን በያዘ ገመድ መሰል ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። አንዳንድ ወንዶች ላይ ከከረጢቱ ጋር በደንብ ስላልተያያዘ እንደ ደወል ምላስ ይወዛወዛል። ሲጠመዘዝ ገመዱ ይታነቅና ደም ይቋረጣል። በ6 ሰዓት ውስጥ ከተፈታ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ተስፋው በጣም ይቀንሳል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አፈጣጠሩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም በኩል ስለሆነ፣ ዳግም እንዳይጠመዘዙ ሁለቱንም ሰፍተው አሰሩለት። ችግሩ በብዛት የሚታየው ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉት ላይ ነው፤ አራስ ሕፃንንም ሆነ ትልቅ ሰውን ሊይዝ ይችላል። መውደቅ ወይም መመታት አያስፈልገውም፤ በእንቅልፍ ላይም ይመጣል።

ጠዋት የደረሰው አማቼ ልጁን ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ራሱ ጠየቀ። «የእኔ አንደኛው ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ያሰጋል?» ብዙ ወንድ በልቡ ይዞት የሚዞረው ጥያቄ ነው። አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራው፣ ዝቅ ማለቱ ጤነኛ ነው። ብርድና ድንጋጤ ወደ ላይ ይስባቸዋል፤ ሙቀት መልሶ ያወርዳቸዋል። የሚያሰጋው ድንገተኛ ሕመም፣ እብጠት፣ ወደ ላይ ወጥቶ መቅረት ነው። ሕመሙ መጥቶ በራሱ ቢሄድ እንኳ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ተጠምዝዞ የተፈታ ሊሆን ይችላል።

ሕፃን የምታጥቡ እናቶችና አያቶች ደግሞ ሁለቱም ፍሬዎች መውረዳቸውን ተመልከቱ። እስከ 6 ወር ያልወረደ ፍሬ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ቀዶ ሕክምናውም ከ18 ወር በፊት ቢደረግ ይመከራል። ያልወረደ ፍሬ ለመጠምዘዝም ሆነ በኋላ ለካንሰር ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

እንግዲህ ልጁ ድንገት ካመመው ወጌሻ አይሸው፤ ማስታገሻ ተሰጥቶት እስኪነጋ አይጠበቅ። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብና መጠጥ ሳይቀምስ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከሁሉ በፊት ግን እንዲናገር ቃሉን ከእኛ መስማት አለበት። ስሙን ሳንጠራለት ያደገ ልጅ ሲያመው «ሆዴን» ይላል፤ እኛም ሆዱን ስናሽ ሰዓቱ ያልፋል።