ሱቁ በተዘጋበት ሳምንት

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነበር። አንድ እሁድ ከአምልኮ ተመልሰን ቤት እንደገባን ባለቤቴ ሴት ልጃችንን ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ ከቀሚሴ ኋላ ተደበቀችበት። ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። “እንግዳ መሰልኳት እንዴ?” ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ማለዳ ሲወጣ ተኝታ ይተዋታል፤ ማታ ሲገባም ተኝታ ያገኛታል። አንድ ዓመት ከሦስት ወር የሞላው ወንድሟ ደግሞ ስልኬ በጮኸ ቁጥር “አባባ!” ይል ነበር። ለእርሱ አባት ማለት ስልክ ውስጥ የሚኖር ድምፅ ነው።

ሱቃችን መርካቶ፣ ቦምብ ተራ አካባቢ ነው። ቴርሞስ፣ ሲኒ፣ ትሪና ድስት እንሸጣለን። መርካቶን የሚያውቅ ሰው የባለቤቴን ጭንቀት ይረዳል። ሱቅ አንድ ቀን ተዘግቶ ከዋለ ደንበኛ ጎረቤቱን ይለምዳል። ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴም አውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ በአንድ ቀን ገዝቶ የሚመለስ ስለሆነ “ነገ ና” አይባልም። ስለዚህ ባለቤቴ ስድስት ቀን ሱቅ ይውላል፤ በሰባተኛው ቀን ከአምልኮ በኋላ ሒሳብ ይሠራል። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አሥራቱን ያወጣል። ሰው ሁሉ “ጌታ እንዴት ያለ ባል ሰጠሽ!” ይለኛል። እኔም “አሜን” እላለሁ፤ ማታ ግን ብቻዬን አለቅስ ነበር።

በዚያው ሰሞን የእቁብ ዕጣ ወጣልን። እርሱ ዕቃ ሊያስገባበት አሰበ። እኔ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ አብረን ለዕረፍት ወጥተን ስለማናውቅ ጥቂቱን ለቤተሰቡ እናውለው አልሁ። “ሕፃናት ይዘን የት ልንሄድ?” አለኝ። ነገሩ ወደ ኩርፊያ አመራና ሦስት ቀን ሳንነጋገር ሰነበትን። በመጨረሻ የጋብቻ ትምህርት ያስተማሩን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ቤታችን መጡ። ብዙም አልተናገሩ። “አራታችሁ በቀን ብርሃን አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጣችሁት መቼ ነው?” ብለው ብቻ ጠየቁን። ባለቤቴ ብዙ አስቦ “ፋሲካ ዕለት” አለ። ፋሲካ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ጋሼ ጸልየውልን ወጡ።

በነጋታው ባለቤቴ ያልጠበቅሁትን ነገር ይዞ መጣ። “ጅቡቲ እንሂድ። ይህን ያህል ዓመት ስነግድ ዕቃችን የሚመጣበትን ባሕር አይቼው አላውቅም” አለኝ። ደስ አለኝ፤ ደግሞም ፈራሁ። የአገራችን የውጭ ንግድ አብዛኛው የሚተላለፈው በዚያ ወደብ ነውና ጉዞው ወደ ሥራ ጉዳይ እንዳይለወጥ ሠጋሁ። “አንዲት ሲኒ እንኳ እንዳትገዛ!” አልሁት። ቃል ገባልኝ።

የሰማን ሁሉ ተቃወመን። አማቴ “ልጄ፣ እነዚህን ጨቅላዎች እዚያ እሳት ውስጥ ልትጨምሪያቸው ነው?” አሉኝ። የቤት ለቤት ኅብረታችን እህቶችም “ለልጅ ላንጋኖ መች አነሰው?” አሉ። እኔ ግን በእነዚያ ቀናት ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ይዘው ወደ ግብፅ መውረዳቸውን ደጋግሜ አስብ ነበር። እነርሱ ነፍስ ለማዳን ነው የሸሹት፤ የእኛ ሽርሽር ነው፤ አይወዳደርም። ቢሆንም ሕፃን ይዞ ድንበር የተሻገረ ቤተሰብ እኛ የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንን ማሰቡ አበረታኝ። ደግሞ ጅቡቲ እሳት የምትሆነው በበጋዋ፣ በእኛ ክረምት ነው። በታኅሣሥና በጥር ሙቀቷ ሰላሳ ዲግሪ አይሞላም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥርን መረጥን። ለሁለቱም ልጆች የየራሳቸውን ፓስፖርት አወጣን፤ ቪዛውን ጨረስን፤ በሶ፣ ብስኩት፣ ዳይፐር፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ኦ.አር.ኤስ.ና አጎበር ሸከፍን።

ባቡሩ የሚነሣው ከከተማው ዳር ካለው ከለቡ ጣቢያ ነው። ወላጆቻችን የሚያውቁት የቀድሞው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባውና ለገሃር ድረስ ይመጣ የነበረው ነው። እኛ የተሳፈርንበት አዲሱ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው ነው። ርቀቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ለሁለት ሕፃናት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማለት ብዙ ነው። አዳማ ሳንደርስ “ደረስን?” ተባለ። አዋሽን ካለፍን በኋላ ትንሹ የበላውን በአባቱ ሸሚዝ ላይ መለሰው። እኔ ልነሣ ስል ባለቤቴ “ተቀመጪ” አለኝና እያጠበ፣ እያባበለ፣ በዚያው ዳይፐሩን መቀየር ጀመረ። የኋላውን ወደ ፊት አድርጎ አሰረው። ከጎናችን የተቀመጡ የድሬዳዋ እናት ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው “አባቱ፣ ገልብጠኸዋል እኮ!” አሉት። እርሱም ሳቀ። ልጁ አንድ ዓመት ከአምስት ወሩ ነበር፤ አባቱ ዳይፐር ሲቀይርለት ያ የመጀመሪያው ነው።

ከድሬዳዋ ወዲያ ምድሩ ደረቅ ነው፤ ግመልና ግራር ብቻ። ደወሌ ድንበሩን ተሻግረን፣ አሊ ሳቢህን አልፈን፣ ከጅቡቲ ከተማ ዳር ያለው ናጋድ ጣቢያ ስንደርስ መሽቷል። ልጆቹ በእንቅልፍ ዝለው ነበር። በነጋታው ባሕሩን ሲያዩ ትንሹ አለቀሰ፤ ልጃችን ግን “ይሄን ሁሉ ውኃ ማን አፈሰሰው?” ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና እጁን ዘረጋላት። እርሷ ግን እንደ ልማዷ ወደ እኔ ሮጠች። ዝም ብሎ ብቻውን ውኃው ውስጥ ቆመ። ፊቱን ሳየው አዘንኩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ገበያ ወጣን። የጅቡቲ ገበያ በሐሙዲ መስጊድ ዙሪያ የተሰበሰበ ነው፤ ለመርካቶ ልጅ አዲስ አይደለም። ጩኸቱም፣ ግፊያውም፣ በየበሩ የተሰቀለው ጨርቅም የራሳችንን ሰፈር ይመስላል። እኔ ትንሹን አዝያለሁ፤ እርሱ የትልቋን እጅ ይዟል። ከአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ስንደርስ ቆመ። ቴርሞስ አየ። እኛ የምንሸጠው ዓይነት ነው። የት እንደተሠራ ሊያይ አነሣውና ቂጡን ገለበጠ። ለዚያ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ዞር ሲል ልጅቷ የለችም።

እናቶች ያንን ጊዜ መግለጽ አያሻኝም፤ ታውቁታላችሁ። ስሟን እየጠራሁ ሮጥሁ። ቋንቋው ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ ነው፤ በየትኛው “ልጄ ጠፋች” እንደሚባል አላውቅም። “ኢየሱስ፣ ኢየሱስ” ከማለት ሌላ ጸሎትም አልመጣልኝ። ባለቤቴ በሌላው መንገድ ሄደ። ምናልባት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። በዚያ ከተማ ጎዳና ዳር ቁጭ ብለው ገንዘብ የሚመነዝሩ ሴቶች አሉ፤ ብር ቢሆን ዶላር ወደ ጅቡቲ ፍራንክ ይቀይራሉ። ልጃችን ከአንዷ ጭን ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። ሴትዮዋ ጥቂት አማርኛ ታውቃለች። ባለቤቴን ቀና ብላ አየችውና “አባት ነህ? እጅ ያዝ!” አለችው። ገንዘብ ልሰጣት ብል በእጇ ገፋችው። እግዚአብሔር በማናውቀው አገር፣ እኛን በማታውቅ ሴት እጅ ልጃችንን ጠበቀልን። እስከ ዛሬ ስጸልይ አስባታለሁ።

ማታ ልጆቹን አጎበር ውስጥ ካስተኛን በኋላ ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። “ቴርሞስ ላይ ብዬ እጇን ለቀቅሁ። ዛሬ ብቻ ደግሞ አይደለም፤ ከተወለደች ጀምሮ የማደርገው ይህንኑ ነው” አለ። ከወራት በፊት ቢሆን “አየህ!” እለው ነበር። በዚያች ሌሊት ግን መንፈስ ቅዱስ የወቀሰው እኔን ነው። ልጄ አባቷን የሸሸችው እርሱ ስላመሸ ብቻ አልነበረም። እኔ በብስጭቴ ቀን ሳበላት “አባትሽ ሱቁን እንጂ እኛን መች ይወዳል!” እያልሁ ደጋግሜ ነግሬያት ነበር። ገና የማትረዳ መስሎኝ ነበር፤ ሁሉንም ትረዳ ነበር። እርሱ እጇን ለቀቀ፤ እኔ ደግሞ እጁን እንዳትይዝ አስተማርኋት። ይህን ስነግረው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ “ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?” አለኝ። “መች ነቅተህ አግኝቼህ?” አልሁት። ሁለታችንም በእንባ ውስጥ ሳቅን። ለብዙ ጊዜ ሳናደርገው የቆየነውን ጸሎት አብረን ጸለይን።

በማግሥቱ መኪና ተከራይተን ወደ አሳል ሐይቅ ሄድን። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ፣ በአፍሪካ ከሁሉ ዝቅ ያለው ስፍራ ነው። ዳሩ በጨው ነጭ ሆኖ ዓይን ይወጋል፤ አፋሮች ከጥንት ጀምሮ ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ኢትዮጵያ የሚያወጡት ከዚያ ነው። ልጃችን “ስኳር!” ብላ ላሰችውና ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ተራራውን ሁሉ በሳቅ ሞላችው። መንገዱ ላይ የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፉ ከባድ መኪናዎች በተርታ ሽቅብ ይወጣሉ። “ከእነዚህ ውስጥ የእኛ ሰፈር ዕቃ አይጠፋም” አለ ባለቤቴ። “ያለ እኔም እየሄደ ነው እኮ” ብሎ ጨመረ። ስንመለስ ልጅቷ ትከሻው ላይ ነበረች። እኔ ሂጂ አላልኋትም፤ ራሷ ናት “አባባ፣ እሽኮኮ” ያለችው።

ጨቅላ ይዘው ለመጓዝ ለሚያስቡ ወላጆች ከስሕተታችን የተማርነውን ላካፍል። የልጁን ስምና የአንደኛችሁን ስልክ ቁጥር ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ እኛ ይህን ያደረግነው ከገበያው በኋላ ነው። ሰው በበዛበት ቦታ ከጋሪ ይልቅ አንቀልባ ይሻላል። ለቀን እንቅልፋቸው ሰዓት ጠብቁ፤ በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ በላይ አታቅዱ። ውኃ ከምታስቡት እጥፍ ያዙ። ከመነሣታችሁ በፊትም ማን የትኛውን ልጅ እንደሚይዝ በግልጽ ተነጋገሩ። ሁለቱም ወላጆች “እሷ ይዛዋለች”፣ “እሱ ይዟታል” ሲሉ ነው ልጅ የሚጠፋው። ወደ ውጭ አገር መሄድም ግድ አይደለም። ደብረ ዘይት ውሎ መምጣትም ጉዞ ነው፤ ዋናው ሱቁ ሲዘጋ ልብም አብሮ መዘጋቱ ነው።

ከጅቡቲ ስንመለስ ሁሉም ነገር ተለወጠ ብል ዋሸሁ። በዚያ ሳምንት ሁለት ደንበኞች አጥተናል፤ አንዱ አልተመለሰም። ባለቤቴ አሁንም ያመሻል። ግን ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት ሱቁን ይዘጋል፤ የእሁድ ሒሳብ ቀርቷል። እኔም በልጆቼ ፊት ስለ አባታቸው የምናገረውን እመዝናለሁ፤ ቅሬታ ካለኝ ለባለቤቱ ለራሱ እነግረዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ እንሰናከላለን፤ ያን ጊዜ “ቴርሞስ!” እንባባላለን። በቤታችን ይህ ቃል “እጃቸውን ያዝ” ማለት ሆኗል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ላይ ያ ትልቅ እሳት ሲነሣ ባለቤቴ ሌሊቱን ከጎረቤቶቹ ጋር ዕቃ ሲያወጣ አደረ። የእኛ ሱቅ አልተነካም፤ የሚያውቃቸው ብዙዎች ግን የዕድሜ ልካቸውን ልፋት አጡ። ሲነጋ ጭስ ጭስ እየሸተተ መጣ። ልጆቹን ቀስቅሶ ቁርስ አብሯቸው በላ፤ ከዚያ ሱቃቸው የተቃጠለባቸውን ሊያጽናና ተመልሶ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ስምንት ዓመት ያለፋት ልጃችን በጥላሸት የጠቆረ ሸሚዙን ሳትጸየፍ አቀፈችው። እኔም ቡናውን እየቀዳሁ ከቀሚሴ ኋላ የተደበቀችባትን ያቺን እሁድ አሰብሁና ጌታን አመሰገንሁ።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ተጠያየቁ፤ እኛን ሽማግሌያችን የጠየቁንን። በቀን ብርሃን አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጣችሁት መቼ ነው? መልሱ ቢያሳፍርም አትፍሩ። የእኛ ጉዞ የጀመረው ከዚያ ነው። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።